ከአንድ ሰው በቀር ለሁሉም

ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ ወይም እንድታጨበጭቡልኝ አይደለም። የምነግራችሁ ነገር ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው።

ሲያትል ስመጣ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ተሸካሚ ነበርኩ፤ ኩንታል ለመሸከም ፊደል አይጠየቅም። እዚህ ደግሞ ኤርፖርት ገባሁ። ሽማግሌና አቅመ ደካማ መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አውሮፕላኑ በር ድረስ አደርሳለሁ። የበሩን ቁጥር እለያለሁ፣ የቀረውን ግን ሰው እጠይቃለሁ። እንዲህ እየኖርኩ ሳለሁ እናቴ አገር ቤት ሞተች።

ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ቼሪ መንገድ ላይ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ አለ። የሱቁ መስታወት ላይ የእናቴ ስምና የኔ ስም ተጽፎ፣ መርዶው የሚነገርበት ቀን ተጠቅሶ ተለጥፏል። እኔ ማስታወቂያው ሥር ቆሜ ከባለሱቁ ጋር ስለ ዝናቡ አወራለሁ። ሰው ይገባል፣ ያነባል፣ እኔን ያያል፣ ሰላም ይለኛል፣ ይወጣል። ከኔ መደበቅ አላስፈለጋቸውም። የሚደበቀው ከሚያነብ ሰው ነው። በዚያው ሰሞን አገር ቤት ለሚሄድ አንድ ሰው ለእናቴ ሹራብና የጉልበት መድኃኒት ሰጠሁት። ሰውዬው መቀበሯን ያውቃል። «አደርስልሃለሁ» ብሎ ተቀበለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ፣ እሑድ እሑድ፣ ከሕፃናት ጋር። ሕፃናቱ እዚህ የተወለዱ ናቸው፤ ዲያቆኑ በአማርኛ ሲጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። እኔ በአማርኛ እሳሳታለሁ፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ የመጣሁት ለመወደድ አልነበረም። ሁለተኛ ማንም ሰው የራሴን ነገር ፊቴ ላይ ለጥፎ ሰላም እንዳይለኝ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዕድራችን ድሮ ሰው ሲሞት የሚነጋገረው በመደዋወል ነበር። አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው። አንድ ጊዜ ከመሃል አንዱ ተደናግሮ ለራሷ ለሐዘንተኛዋ ደውሎ «ነገ መርዶው ላይ ትገኛለሽ?» አላት። ያኔ ነው ነገሩ መስመር ይያዝ የተባለው። ሄኖክ የሚባል የሶፍትዌር ሰው አባል አለን፤ ጨዋ ነው፣ ሰው አይንቅም። በትርፍ ጊዜው አፕ ሠራልንና ጉባኤው ፊት ቀርቦ አስረዳ።

«ይህ ነገር የሚቀመጠው የት ነው?» አሉት ሊቀመንበራችን አቶ ዘውዴ። «እኔ ቤት ኮምፒውተር የለም።»

«እርስዎ ቤት አያስፈልግም አባባ። ክላውድ ላይ ነው። ፋንክሽን ይባላል። ሥራ ከሌለ ተኝቷል፤ ቀንና ሌሊት የምንቀልበው ማሽን የለም። ሞት ሲመዘገብ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ለአባላቱ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል።»

«የሚጠራው ማነው?»

«ኮዴ ውስጥ ላይብረሪ አለ። ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፣ የሁሉም ሰው ነው፣ እኔ አልጻፍኩትም። ሥራው መጥራት ብቻ ነው። ጠርቶ መልስ ይጠብቃል። መልስ ከዘገየበት ማንም ሳያዘው ራሱ ደግሞ ይጠራል።»

«ከጸሐፊያችን ይሻላል» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳቀ፤ ጸሐፊውም ሳቀ።

«ሐዘንተኛውስ?» አሉ አቶ ዘውዴ። «እሱም አባል ነው። ለሱም ሊነግረው ነው?»

«እሱን አስቤበታለሁ። ፋንክሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሐዘንተኛውን ስም ከአባላቱ መሃል ያወጣል። ለቀሩት ይልካል። ልኮ ሲጨርስ ስሙን ወደ ቦታው ይመልሳል።»

«ከአንድ ሰው በቀር ለሁሉም።»

«እንደሱ ነው አባባ።»

ፈረንጅ የሠራው ፕሮግራም ሁሉ ለባለጉዳዩ ቀድሞ ሊናገር ይሽቀዳደማል። የኛ ለባለጉዳዩ ብቻ አይናገርም። በዚህ ተኮራ። ሄኖክ በየተራ ስልካችንን እየተቀበለ አፑን ጫነልን፤ የዕድር መልእክት ሲመጣ እንዲለይ ደወል የሚመስል ድምፅ ሰጠው።

አስካለ እኔ የምሠራበት ቦታ ነበር የምትሠራው። ስሟን ቀይሬዋለሁ። ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ቡሪየን የሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ማንበብ አትችልም፤ የተማረችው ለፊርማ የሚሆናትን ስሟን ብቻ ነው፣ እሱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሀብታሙ የሚባል አንድ ልጅ አላት። እህቷ ጋ ትታው ስትመጣ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር፤ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። እሱን ለማምጣት ስትሯሯጥ ኖራ በመጨረሻ የኤምባሲ ቀጠሮ ደርሶታል። ስልኳ ላይ የመጣ ነገር ሁሉ ወደኔ ይመጣል። ዘርግታልኝ ትቆማለች። ቀስ እያልኩ ሳነብላት «ጋሼ፣ አንተ አንድ መስመር እስክትጨርስ ሰው ተወልዶ ያገባል» ትለኛለች። ከኤርፖርቱ ሠራተኛ ሁሉ ሰላምታዬን የምትጠብቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ያን ቀን ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አቶ ዘውዴ ደወሉልኝ።

«በላቸው፣ ዛሬ ሥራ የምትገባው ከአስካለ ጋር ነው?»

«ነው።»

«ልጇ ሞቷል። ሞተር ሳይክል ነው አሉ። ትናንት ተቀብሯል። መርዶውን ነገ ጠዋት እንነግራታለን።»

ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ተውኩት።

«ትሰማኛለህ? ሥራዋን ጨርሳ፣ እህል ቀምሳ ትግባ። አገር ቤት እንዳትደውል አድርግ። ፊትህን አሳምር፣ አጫውታት።»

«እርስዎ ያውቁኛል፣ ሰው አጫውቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ ዛሬ ጀምር» ብለው ዘጉት።

እኔ በዚህ ልማድ አላምንም። የሟቹ እናት ሳትሰማ አገር ምድሩ የሚሰማበትን ነገር ከሱቁ መስታወት ጀምሬ ጠልቼዋለሁ። ግን ሰው ይዟት፣ ሴቶች ደግፈዋት ብትሰማ ይሻላል የሚሉትም ገብቶኛል። አንድ ቀን ነው፣ አፌን ዘግቼ እውላለሁ አልኩ። አፍ መዝጋት እችልበታለሁ።

ሥራ ስደርስ ሠራተኞች የሚያርፉባት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ና እስቲ ይህን እይ» አለችኝና ስልኳን ሰጠችኝ። የጫማ ፎቶ ነው። «ትናንት ገዛሁለት። ኤምባሲ ሲገባ ያደርገዋል። ነጭ ነው፣ የአዲስ አበባ ጭቃ አያበላሸውም ትላለህ?»

«ጥሩ ጫማ ነው» አልኩ።

«ቁጥሩ ግን ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እግሩ በየወሩ ነው የሚያድገው። ዛሬ ደውዬ ልጠይቀው?»

«አሁን አትደውይ።»

«ለምን?»

«ሥራ ነው።»

አየችኝ። «ዛሬ ደግሞ ባሰብህ። ሌላ ቀን እንኳ ትሳደባለህ።»

እስከ ረፋዱ ድረስ ደህና ሄደ። መንገደኛ በዝቶ ነበር፤ አንዷን አድርሳ ስትመለስ እኔ ሌላውን ይዤ እሄዳለሁ። አንዴ አሳንሰሩ ጋ ተገናኘን። እሷ አንዲት በጣም ያረጁ ፈረንጅ ሴትዮ እየገፋች ነው፤ እኔ ባዶ ወንበር ይዣለሁ። አሳንሰሩን ቆመን ስንጠብቅ የኔ ስልክ ደወለ። የዕድሩ ድምፅ።

«ሰው ሞተ» አለች አስካለ። «ማን ይሆን? የኔ ግን ለምን አልጮኸም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ነጋ ጠባ ቻርጅ አደርገዋለሁ እኮ።» ከኪሷ አውጥታ አየችው። «ክፍት ነው። ለኔ አልላኩልኝም ማለት ነው? አባል አይደለሁም?»

ዞር ብዬ የኔን ከፈትኩ። እንዲህ ይላል፦ «የአባላችን የወይዘሮ አስካለ ልጅ ወጣት ሀብታሙ አገር ቤት በድንገት ስላረፈ፣ መርዶው ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በቤቷ ስለሚነገር፣ አባላት በሰዓቱ እንድትገኙ። ማሳሰቢያ፤ እስከዚያው እሷ እንዳትሰማ ጥንቃቄ ይደረግ።»

«ማን ነው?» አለች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።»

«ሰው ተወልዶ አገባ» አለችና ለብቻዋ ሳቀች። አሳንሰሩ ቆየ። ፈረንጅዋ ሴትዮ ሰዓታቸውን አዩ። ያኔ ስልኬ እንደገና ደወለ። ወዲያው ደግሞ የሷ ደወለ።

«ይኸው» አለች፣ ደስ ብሏት። «የኔም ደረሰ።»

አሳንሰሩ ተከፈተ። መንገደኛ እየገፉ ስልክ መንካት ክልክል ነው፤ አለቃችን ካየ ከሥራ ያባርራል። ስልኳን እጄ ላይ ጣል አደረገችና «አንብበህ ጠብቀኝ፣ ሴትዮዋን አድርሻቸው መጣሁ» ብላ ገባች። በሩ ተዘጋ።

የሷን ከፈትኩት። ያው መልእክት ነው። ከነማሳሰቢያው። ሄኖክ ጋ ደወልኩ።

«ሄኖክ፣ ያንተ ማሽን ለአስካለ ላከላት።»

መኪና ውስጥ እንዳለ ይሰማኛል። «አይሆንም ጋሽ በላቸው። እሷ ከመሃል ወጥታለች።»

«ስልኳ እጄ ላይ ነው እኮ የምልህ።»

«ለርስዎ ስንቴ መጣ?»

«ሁለቴ። ሁለተኛ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።»

«ሁለቴ ጠርቶታል» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ላይብረሪው ሁለቴ ጠርቶታል።»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

«አባላት በዝተዋል፣ ሶ ፋንክሽኑ ለሁሉም እስኪልክ ቆየ። ላይብረሪው ደግሞ መልስ ሲያጣ የሞተ መሰለው፣ እንደገና ጠራ። አሁን ሁለት ሆኑ። ሁለተኛው ተነሳና ስሟን አወጣ። እሱ መላክ ሳይጀምር የመጀመሪያው ጨረሰና፣ እኔ እንዳዘዝኩት፣ ስሟን መልሶ አስገባ። ሁለተኛው ወጥታለች ብሎ ለሁሉም ላከ።»

«አንዱ ያወጣትን ሌላው መለሳት።»

«አዎ። ዲሊት ያድርጉት ጋሽ በላቸው። ሳታየው አሁኑኑ ያጥፉት።»

«ሦስተኛ ይጠራል?»

«ሁለተኛውም ከቆየ ይጠራል። ካልቆየ አይጠራም። እስከ ሦስት ነው የሚሞክረው።»

«ዝጋው እንጂ።»

«ከከተማ ወጥቼ ወደ ታኮማ እየነዳሁ ነው፣ ላፕቶፔ ቤት ነው። ፓርክ አድርጌ በስልክ እሞክራለሁ። እስከዚያ ይጸልዩ።»

«ለማን? ለላይብረሪው?» ብዬ ዘጋሁት።

መልእክቱን አጠፋሁት። የማጥፊያውን ምልክት ሁለቴ ስቼ ነው ያገኘሁት። ከዚያ የዚያን አሳንሰር በር እያየሁ ቆምኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ስልኩ ዝም እንዲል። ክላውድ የሚሉት የት እንዳለ አላውቅም፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች እንዳሉ ግን አውቃለሁ፤ ወንበር ላይ አስቀምጬ ገፍቻቸዋለሁ። እዚያ የሆነ ቦታ አንድ የማያይ ጠሪ መልስ እየጠበቀ ነው። መልሱ ከደረሰው ይቺ ሴት እስከ ነገ እናት ናት። ከዘገየበት አይደለችም።

በሩ ተከፈተ። ባዶ ወንበሯን እየገፋች መጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት።

«ማን ሞተ?»

ስልኳን አየችው። የዕድሩ ምልክት ላይ ቀይዋን ነጥብ ነው የምትፈልገው።

«የታል? ደውሎ ነበር እኮ።»

«ጠፋ።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

«ተሳስተህ?»

«አይደለም።»

ግራ ገባት። ልትስቅ ፈለገች፣ ፊቴን አይታ ተወችው። «ጋሼ፣ ምን ነካህ ዛሬ?» አለች። ይህን እያለች እጇ ላይ ደወለ።

ራሷ ነካችው። መልእክቱ ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ እኔ ነኝ። አስካለ ነው የሚለው። ስሜን ለምን ጻፉት?»

«አስካለ፣ ስጪኝ ስልኩን።»

«ስብሰባ ስለቀረሁ ነው? በሕዝብ ፊት ስሜን አወጡት?»

«አይደለም።»

«እና አንብብልኛ። ታነባለህ አታነብም?»

የሚበቃኝ አንድ ውሸት ነበር። ስብሰባ ስለቀረሽ ነው ብላት ኖሮ ዕድሩን ስትራገም ትውል ነበር፣ ነገሩም ያልፍ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጣቷ ስሟ ላይ ነው። ስለራሷ የተጻፈውን ይዛ እኔ ፊት ቆማለች፣ እኔ አነበዋለሁ፣ እሷ አታነበውም። እንደዚያ ቆሜ አውቃለሁ። ከነዚያ ሰላም ካሉኝ ሰዎች አንዱ ልሆን ነው አልኩ። አልሆንም አልኩ።

ስልኩን ተቀበልኳት። እኔ ሳነብ ጣቴን ከቃሉ ሥር አደርጋለሁ፤ ዓይኔን ካነሳሁ መስመሩ ይጠፋኛል። አላነሳሁም።

«የአባላችን…» አልኩ። «የወይዘሮ… አስካለ…»

«እሺ።»

«ልጅ… ወጣት… ሀብታሙ…»

«ሀብታሙ?» ድምጿ ከፍ አለ። «ቪዛውን ሰሙ እንዴ? ገና ቀጠሮ ነው እኮ፣ ማን ነው የቸኮለው?»

እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት መስሏታል። እኔ ቀጠልኩ። ማቆም እችል ነበር፤ ቀጠልኩ።

«አገር ቤት… በድንገት… ስላረፈ…»

ማንበቤን አላቆምኩም። መርዶው ነገ፣ ከንጋቱ፣ በቤቷ። ልክ ዲያቆኑ ፊት እንዳለሁ ሁሉ እስከ ነጥቡ ድረስ ሄድኩ። «ማሳሰቢያ፤ እስከዚያው እሷ… እንዳትሰማ… ጥንቃቄ ይደረግ።»

«መጨረሻው ምን ይላል?» አለች። ድምጿ ደረቅ ነው።

«እስከዚያው እሷ እንዳትሰማ።»

«ድገመው።»

ደገምኩት።

ቀና ስል ባዶው ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። እጇን እንደ መንገደኛ ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«ሰው ሁሉ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«አንተስ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ጫማውን ሳሳይህ።»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ የሰማችውን እንደተቀበለች ዓይነት። አልጮኸችም። አለቃችን ከሩቅ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት፤ መንገደኛ እየጠበቀን ነው ማለቱ ነው። እሱን ትቼ ወንበሩን ያዝኩና ገፋኋት። መፈተሻውን አልፈን፣ ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ መሃል ገባን። ሰዉ መንገድ እየለቀቀ ያሳልፈናል፤ የታመመች መንገደኛ መስላቸዋለች። አንዷ ሕፃን ልጇን ሰብስባ ፈገግ አለችላት። አስካለ መልሳ ፈገግ አለች። ልማድ ነው፤ ሥራችን ላይ የሚቀጡን ፈገግ ካላልን ነው።

መኪናዬ ውስጥ አስገባኋት። ቡሪየን ቅርብ ነው። መንገዱን አጋምሰን ሳለ ተናገረች።

«ብትዋሸኝ ምን ነበረበት?»

«ነገ መስማትሽ አይቀርም ነበር።»

«ነገ» አለች። «ነገ እሰማ ነበር። ዛሬን ለምን ወሰድክብኝ?»

የእናቴን ነገር ነገርኳት። ማስታወቂያውን፣ ሹራቡን፣ ሰላም ያሉኝን ሰዎች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ተናግሬ አላውቅም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንተ ያነበብከው ለራስህ ነው» አለች። «እኔ ማን ሞተ አልኩህ እንጂ ግደለኝ አላልኩህም።»

ስልኬ ጮኸ። ሄኖክ ነው። ድምፁ መኪናው ውስጥ በሙሉ ተሰማ። «ጋሽ በላቸው፣ ዘግቼዋለሁ። ግን ሦስተኛው ቀድሞኝ ተልኳል። ስልኳ እርስዎ ጋ ነው? አላየችም?»

አስካለን አየኋት። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋለች። «አላየችም በለው» አለች፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች።

«አላየችም» አልኩ።

«አጠፉት?»

«አጠፋሁት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰው ገድዬ ነበር» አለና ዘጋ። ያለቅስ ነበር መሰለኝ።

ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ወረደች፣ በሩን ሳትዘጋ ጎንበስ ብላ አየችኝ። «ነገ ይምጡ። እንደ ደንቡ ይንገሩኝ። ለልጄ እንደ ሰው መርዶ ይነገርለታል። አንተ ዛሬ የነገርከኝን ማንም እንዳይሰማ።»

«ብቻሽን ልታድሪ ነው?»

«አንተ ነህ ብቻዬን ያደረግከኝ» አለችና ገባች።

በነጋታው ከሁሉም ጋር ሄድኩ። አለመሄድ አይቻልም። ጭጋግ ነው፣ የአውሮፕላን ድምፅ ከላያችን አይቋረጥም፤ ወንዶቹ በደረጃው ላይ፣ ሴቶቹ በሩ አጠገብ ቆመናል። አቶ ዘውዴ አንኳኩ። ወዲያው ተከፈተ። የትናንቱን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ለሥራ የተነሳች መሰለው።

«ምነው አባባ በጠዋት? ምን ሆናችሁ?» አለች።

«አስካለ፣ ልጄ፣ በርቺ» አሉ አቶ ዘውዴ። «ሀብታሙ አርፏል።»

ወደቀች። ሴቶቹ ያዟት። የወጣውን ድምፅ አልነግራችሁም። አስመሰለች እንዳትሉ፤ አላስመሰለችም። ከአሳንሰሩ ጀምራ ስታፍነው አድራ፣ የሚይዛት ሰው እስኪመጣ ስትጠብቅ ነበር። የተፈቀደላት አሁን ነው። እኔ በር ላይ ቀረሁ። አንዴም ወደኔ አላየችም።

አቶ ዘውዴ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደኔ መጡ። «አንተ ባትኖር ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር። ሄኖክ ነግሮኛል። ቀኑን ሙሉ ጠብቀህ አዋልካት። ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው።»

«እሺ» አልኩ።

በሚቀጥለው ጉባኤ ተመሰገንኩ፤ ቆሜ ጭብጨባ ተቀበልኩ። ሄኖክ ደግሞ ያረመውን አስረዳ። አሁን ላይብረሪው ሲጠራ የሞቱን መለያ ይዞ ይጠራል፤ ፋንክሽኑ ከዚህ በፊት የሰማው ከሆነ «ሠርቼዋለሁ» ብሎ ይመልሳል እንጂ አይደግምም። ደግሞም ስም ማውጣትና መመለስ ቀርቷል፤ ሲላክ ሐዘንተኛው ይዘለላል እንጂ ስሙ ከቦታው አይነሳም። አስካለ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ነበር። እሷም አጨበጨበች። ብዙም ሳትቆይ ታኮማ ሥራ አገኘች፣ አረጋውያን መንከባከቢያ፤ ከኤርፖርት ወጣች። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ብንገናኝ ከጎኔ ላለው ሰላም ብላ ታልፈኛለች። በኔ ላይ አትናገርም። እኔ እንድናገር ግን አልፈቀደችልኝም፤ ይኸው ተናገርኩ፣ እሱንም ጨምሩበት።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ትምህርት ፈልጋችሁ ከሆነ እኔ ጋ የለም። ሰው ከሚዋሸኝ ይልቅ ቢገድለኝ እመርጣለሁ እል ነበር፤ ይህን የሚል ሰው ሌላውን ለመግደል እንደሚቸኩል አላውቅም ነበር። ልማዱ ልክ ነበር አልላችሁም። መርዶን መደበቅ ዛሬም እጠላዋለሁ፣ እናቴን በተመለከተ ማንንም ይቅር አላልኩም። የተቀየረው አንድ ነገር ነው፤ ለማንም አላነብም። ስልካቸውን ዘርግተው የሚመጡ አሉ። መነጽሬን ረስቻለሁ እላቸዋለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ይህን ጽሑፍ አስካለ አታነበውም። የሚያነብላት ግን አይጠፋም፤ ስሟን ብቀይረውም አሳንሰሩ ጋ ስትደርስ ታውቀዋለች። እየተነበበላት ከሆነ፣ አንተ የምታነብላት ሰው፣ እዚህ ስትደርስ ቁምና ቀና ብለህ ፊቷን እይ። እኔ ያን ቀን አላየሁም። ዓይኔ ፊደሉ ላይ ነበር።